ከሄሮን ሽቅብ፦ ተሳቢ የሚጎትት ያገለገለ ሞተር

ጅቡቲ ከተማ፣ ሄሮን ሰፈር፣ ባሕሩን ተጠግተው ከተሠሩት ቪላዎች በአንዱ ግቢ ውስጥ ነጭ ላንድክሩዘር ፒካፕ ለሽያጭ ቆሟል። ባለቤቶቹ የሥራ ዘመናቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ፈረንጆች ናቸው። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ፎቶውን ላከልኝ፣ ወዲያው ደግሞ ደወለ። ወደቡ ላይ ትራንዚተር ሆኖ ዓመታት ሠርቷል፤ አሁን ባለሁለት አክሰል ተሳቢ ላይ የተጫነ ኮምፕረሰር ገዝቶ ለጉድጓድ ቆፋሪዎች ሊያከራይ ተነሥቷል። ኮምፕረሰሩ ከነተሳቢው 3 ቶን ይጠጋል። ሥራው ባብዛኛው ዲኪልና አሊ ሳቢዬ አካባቢ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ጋላፊን ተሻግሮ፣ ከሚሌ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ድረስ ይወጣል።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ ነው። ሁለት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም። ልያዘው?»

«ሌላስ ምን አየህ?»

ሁለት አይቷል። አንዱ ከዱባይ የመጣ ባለቤንዚን ሃይሉክስ ነው፤ ወንበሩ ላይ ላስቲኩ አልተነሣም፣ ዋጋውም ይቀላል። ሌላው ትልቅ የአሜሪካ ፎርድ ነው፤ 6.0 ሊትር ናፍጣ፣ 325 የፈረስ ጉልበት። ቁጥሩን ሲጠራ ድምፁ ከፍ አለ፤ ልቡ የት እንዳለ ገባኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢጠይቀኝ «አሮጌ ተወው፣ ብድር ወስደህ አዲስ ግዛ» ብዬ እገላገለው ነበር። አሁን እንዲያ ማለት አይቻልም። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በገፋ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድበት አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ከእንግዲህ እንደማይገባ ለምክር ቤት ተናገሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብር በገበያ እንዲተመን ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር በላይ ሆነ። አራቱ ነገሮች ተደራርበው የአሮጌውን ናፍጣ ሞተር ማዕረግ ለወጡት። ድሮ ሞተር ማስወረድ ለድሃ ሹፌር የተተወ ነበር፤ አዲስ መግዛት የሚችለው መኪናውን ቀይሮ ይሄድ ነበር። ዛሬ ድርጅቶችም ሞተር አስወርደው ያሠራሉ።

ሄሮን ላይ ቆሞ ለሚገዛ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ነገሩ ሌላ ጠመዝማዛ አለው። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር በ177.721 ፍራንክ ታስሮ ያለ ገንዘብ ነው። ስለዚህ በብር ሲሰላ ዋጋው እጥፍ የሆነው ፒካፕ በፍራንክ ካለበት ብዙም ፈቀቅ አይልም። የእህቴ ልጅ የሚከፈለው በፍራንክ ነው፣ የሚያስበው ግን በብር ነው። ያየውን ዋጋ ሁሉ ከአዲስ አበባው ጋር ያመዛዝናል፤ በዚያ ሚዛን ጅቡቲ ውስጥ የቆመ መኪና ሁሉ ርካሽ ይመስላል። ርካሽ የመሰለው ሰው ደግሞ የሞተር ክዳን ከፍቶ ለማየት አይቸኩልም። ዋጋ ድሮ ስለ መኪናው ጤና ጥቂት ይናገር ነበር፤ አሁን የሚናገረው ስለ ምንዛሬው ነው። ሞተሩን ራሱን ማናገር የግድ ሆኗል።

ለመሆኑ ሞተሩን ምን ብሎ መጠየቅ ነው? ብዙ ሰው ስንት ፈረስ እንደሆነ ይጠይቃል። እኔ የምጠይቀው ሙቀቱን የት እንደሚጥል ነው።

መንገዱን ልብ በሉት። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት አሰብ ከተዘጋብን ወዲህ ከአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ነው የሚያልፈው። የምናስገባው ብረት፣ ማዳበሪያ፣ ስንዴና ማሽን ነው፤ የምንልከው ቡናና ሰሊጥ በክብደት አይደርስበትም። እናም የኢትዮጵያ ጭነት ሽቅብ ነው። መኪናው የሚከብደው ከባሕር ወለል ተነሥቶ ወደ ደጋ ሲወጣ ነው፤ ሲወርድ ይቀለዋል። ጣሊያኖች ይህ ቀድሞ ገብቷቸው ነበር። በወረራው ዘመን ባመጡት ፊያት 634 የተነሣ አባቶቻችን ከባድ መኪናን ሁሉ «ትሬንታ ኳትሮ» ይሉት ነበር፤ ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ፊያት 682 ደግሞ «ኤንትሬ» ተብሎ ነገሠ። ኤንትሬ ከአሥር ሊትር የሚበልጥ ሞተር ተሸክሞ ጉልበቱ 200 ፈረስ እንኳ አይሞላም ነበር። ዛሬ ቶዮታ ሃይሉክስ ከ2.8 ሊትር 204 ፈረስ ያወጣል። እንግዲህ በፈረስ ቁጥር ከሄድን ሃይሉክሱ የኤንትሬን ተሳቢ ይጎትታል ማለት ነው! አይጎትትም። ወይም ለግማሽ ሰዓት ይጎትትና ይቆማል። ልዩነቱ ያለው በብረቱ ብዛት፣ በውሃውና በዘይቱ መጠን፣ ያንን ጉልበት ለስንት ሰዓት ሳይነድ ማውጣት በመቻሉ ላይ ነው።

ሂሳቡን እንሥራው፤ ከባድ አይደለም። ፒካፑ ከነሰውና ከነዕቃው 3 ቶን፣ ተሳቢው 3 ቶን፣ ድምሩ 6 ቶን። ስድስት በመቶ ዳገት ላይ፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለመውጣት፣ የጎማውንና የነፋሱን ሰበቃ ጨምሮ ጎማው ላይ 85 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያስፈልጋል። ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ የሚበሉትን ስንጨምር ሞተሩ 100 ፈረስ ያህል ማውጣት አለበት፤ ያለማቋረጥ፣ ዳገቱ እስኪያልቅ። ዋን ኤች ዜድ በባሕር ወለል 130 ፈረስ አካባቢ ነው። ተርቦ ስለሌለው ግን የሚተነፍሰው ያገኘውን አየር ብቻ ነው፤ ኮምቦልቻ ከፍታ ላይ፣ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛው ይጠፋል። 104 ሆነ እንበል። 100 ለሚጠይቅ ዳገት 104 ያለው ሞተር የተረገጠ ነዳጁን ሳያነሣ ይወጣል ማለት ነው። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከሄደ ግን የሚያስፈልገው 60 ፈረስ እንኳ አይሞላም። አሮጌ ሹፌሮች በሁለተኛ ማርሽ፣ በቀስታ፣ እያዘገሙ የሚወጡት ፈርተው አይደለም።

ይህ የከፍታው ወገን ነው። የባሕሩ ወገን ብዙ ጊዜ ይረሳል። በሐምሌ ቀትር ጅቡቲ ላይ 42 ዲግሪ ሲሆን አየሩ በሙቀቱ ይሳሳል፤ በመደበኛ የሙቀት መጠን 1,000 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘውን አየር ያህል ይቀጥናል። ስለዚህ ሞተሩ ከሄሮን ሳይነቃነቅ ገና አንድ ኪሎ ሜትር ተራራ እንደወጣ ይሆናል። የባሰው ደግሞ ራዲያተሩ ላይ ነው። ራዲያተር የሚሠራው በልዩነት ነው፤ ውሃው 95 ዲግሪ፣ የአዲስ አበባ አየር 20 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 75 ነው። ጅቡቲ ላይ 42 ሲሆን ልዩነቱ 53 ብቻ ነው። ያው ራዲያተር፣ ያው ሞተር፣ የማቀዝቀዝ አቅሙ ሦስት አሥረኛ ገደማ ወረደ። ሞተር ደግሞ ከሚያቃጥለው ነዳጅ ወደ ጎማ የሚልከው አንድ ሦስተኛውን ያህል ነው፤ ቀሪው በማርሚታ እና በራዲያተር ይወጣል። በዚያ ዳገት ላይ ራዲያተሩ የሚጥለው ሙቀት ሃያ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንዴ ለኩሶ ቦኔት ሥር እንደማስቀመጥ ነው። ነፋሱ ከጀርባዎ እየነፈሰ ከሆነ፣ መኪናውና ነፋሱ እኩል ስለሚሄዱ፣ በራዲያተሩ በኩል የሚያልፍ አየርም የለም። ፋኑ ብቻ ነው ያለው።

ይህን ከያዝን ሦስቱን መኪኖች በየተራ ማየት ይቻላል።

ባለቤንዚኑ ሃይሉክስ እንዴት ጅቡቲ ደረሰ? ባሕረ ሰላጤው ላይ ቤንዚን ርካሽ ስለሆነ የዚያ አገር ሰው ለፒካፕ ናፍጣ አይመኝም፤ ያገለገለው ተሸጦ ባሕር ሲሻገር ወደ እኛ የሚመጣው የእነሱ ምርጫ ነው። ሞተሩ ባለ2.7 ሊትር ቱ ቲ አር ነው፤ ጥሩ ሞተር ነው፣ ከተማ ውስጥ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ግን ከፍተኛው የመጠምዘዝ ኃይሉ 245 ኒውተን ሜትር ነው፤ እሱንም የሚሰጠው በደቂቃ 4,000 ዙር ገደማ ሲሽከረከር ነው። ሦስት ቶን አስሮ ዳገት የሚወጣ ባለቤንዚን በጩኸት ነው የሚወጣው፤ በጮኸ ቁጥር ይጠጣል። ሊትሩ ከ100 ብር በላይ በሆነበት አገር ይህ የሚያዋጣ አይደለም። አንድ ነገር ግን ላመስግነው፦ ቁልቁለት ላይ ቤንዚን ሞተር የነዳጅ መርገጫው ሲለቀቅ አየሩን ይዘጋልና መኪናውን ይይዛል፤ ናፍጣ በተፈጥሮው ይህ መዝጊያ የለውም።

ፎርዱ ላይ ከእህቴ ልጅ ጋር ተጨቃጨቅን። አሜሪካኖች ተሳቢ መጎተትን እንደ ባህል የያዙ ሕዝቦች ናቸው፤ ጀልባ፣ ፈረስ፣ ቤት ሳይቀር ይጎትታሉ፤ ስለ የትኛው ናፍጣ ሞተር ይሻላል ሲከራከሩ የአርሰናልና የማንቸስተር ደጋፊ አይደርስባቸውም። በክርክራቸው ግን አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፦ ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2007 የሸጠው ባለ6.0 ሊትር ሞተር ከእሱ በፊት ከነበረው ባለ7.3 ሊትር በጉልበት በለጠ፣ በትዕግሥት አነሰ። የዘይት ማቀዝቀዣው ይደፈናል፤ ያ ሲደፈን የጭስ ማቀዝቀዣው ይፈነዳል፤ ከዚያ የሞተሩ ራስ የሆነው የቴስታታው ብሎኖች ይለጠጡና ጓርኒሲዮኑ ይነፋል። ፎርድና ሞተሩን የሠራው ናቪስታር በዚሁ ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2007 ፍርድ ቤት ቆመዋል። ልብ በሉ፤ የበሽታው ሰንሰለት መነሻው ማቀዝቀዣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህን ሞተር የሚያክሙ፣ ጠንካራ ብሎን የሚያስገቡ፣ ማቀዝቀዣውን ወደ ውጭ የሚያወጡ ጋራዦች ሞልተዋል። መንገዱ ላይ ባለችው ሎጊያ ግን የፎርድ የጭስ ማቀዝቀዣ ማን ይሸጥልሃል?

«ጋሼ፣ 325 ፈረስ እኮ ነው!»

«ፈረሱ ሎጊያ ላይ ገለባ አያገኝም።»

እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። ጋላፊን አልፎ እስከ አዋሽ ድረስ ባለው በረሃ ጎዳና ላይ መለዋወጫ ማለት ቶዮታ፣ አይሱዙና ሲኖትራክ ማለት ነው። ከእነዚህ ውጭ ያለ ሞተር ሲበላሽ ዕቃው እስኪመጣ ኮምፕረሰሩ ለስንት ቀን ሥራ ይፈታል የሚለው ከሞተሩ ዋጋ ጋር መደመር አለበት።

ቀጥሎ ዋን ኤች ዜድ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ፣ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ያለ ተርቦ፣ ያለ ኮምፒውተር። 285 ኒውተን ሜትሩን 2,000 ዙር አካባቢ ይሰጣል። ብረቱ ብዙ ነው፣ ውሃው ብዙ ነው፣ ዘይቱ ከዘጠኝ ሊትር በላይ ነው። ፖምፓው ሜካኒካል ስለሆነ ናፍጣው ትንሽ ቢቆሽሽም ያልፈዋል። ድክመቱ ከላይ በሂሳቡ ታይቷል፤ ዳገት ላይ ያዘግማል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ተርቦ ያስገጥምበታል፤ እኔ ግን ያንን አልመክርም። የዚህ ሞተር ቃጠሎ የሚጀምረው ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው፤ ተርቦ ተጨምሮ ነዳጁ ሲለቀቅለት ሙቀቱ እዚያች ክፍል ላይ ይከማችና ቴስታታው ይሰነጠቃል። በጥንቃቄ፣ ነዳጁ ተመጥኖ፣ የጭስ ሙቀት መለኪያ ተገጥሞ የሠራለት ሰው አለ። ግን ያገለገለ መኪና ስትገዛ የቀድሞው ባለቤት ጠንቃቃ ይሁን አይሁን በምን ታውቃለህ? ተርቦ የተገጠመለትን ዋን ኤች ዜድ ካየህ ሌላ ፈልግ።

ከእነዚህ መሐል ያሉትንም መዝለል አይገባም። ባለ3.0 ሊትሩ ዋን ኬ ዲ፣ በየመንገዱ የምናየው የቪጎ ናፍጣ፣ 343 ኒውተን ሜትር አለው፤ ተርቦ ስላለው ከፍታው ብዙም አይጎዳውም። በወረቀት ከዋን ኤች ዜድ ይበልጣል። ዓለም ያወቀው ሕመሙ የኖዝሉ መዳብ ዋሸር ነው፤ ሲለቅ ቃጠሎው ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ጥላሸቱ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል፣ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ኩሽኔታውን ይበላል። ይህንን የሚያውቅ ገዥ ዋሸሩ መቼ እንደተቀየረ ይጠይቃል፤ የዘይት መያዣው ተፈትቶ ወንፊቱን ያያል። የሁለት ሰዓት ሥራ ነው፤ የሚከለክል ሻጭ ካለ የሚደብቀው አለው። አዲሱ ባለ2.8 ዋን ጂ ዲ ደግሞ በመጀመሪያ ስሪቱ በአውቶማቲክ ካምቢዮ 450 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ ከአውሮፓ ወይም ከአውስትራሊያ የመጣ ከሆነ ግን የጭስ ማጣሪያ አለው። ማጣሪያው ከድኝ የጸዳ ናፍጣ ይፈልጋል፤ በበርሜል ከመንገድ ዳር የተገዛ ናፍጣ ምን ያህል የጸዳ እንደሆነ የሚምልልህ የለም። የአይሱዙ ዲማክስ ባለ3.0 ፎር ጄ ጄ ዋን በሰንሰለት የሚሠራ ጨዋ ሞተር ነው፤ አይሱዙ የሚያውቅ መካኒክ ደግሞ እስከ ገጠር አለ። በደንብ የተያዘ ቢገኝ እኔ ከቪጎው አስቀድመዋለሁ። ይህ የግሌ ዝንባሌ ነው፤ የቶዮታ ወዳጆች ይቅር ይበሉኝ።

አሁን ወደ ሄሮኑ ግቢ እንመለስ። ሞተሩ መልካም ነው ማለት መኪናው መልካም ነው ማለት አይደለም። ሄሮን በሦስት በኩል ባሕር የከበበው መሬት ነው። ነፋሱ ጨው ይዞ ሌት ተቀን ግቢው ውስጥ ይገባል። እዚያ የኖረ መኪና ብዙ ኪሎ ሜትር አይነዳም፤ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት፣ ዓርብ ዓርብ ለሽርሽር አርታ። ስለዚህ ኪሎ ሜትሩ ያምራል። ጨው ግን ኪሎ ሜትር አይቆጥርም። የራዲያተሩን ቀጫጭን ክንፎች እንደ ብል ይበላቸዋል፤ ከፊት ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፣ በጣት ሲነኩት ይረግፋል። ሻንሲው፣ ባሌስትራው የታሰረበት፣ ኋላ የተሳቢው መንጠቆ የተበየደበት ቦታ ከውስጥ ይዝጋል። ከደጋ የመጣ መኪና ተቃራኒው ነው፦ አካሉ ንጹሕ፣ ሞተሩ የደከመ። ደላሎች ይህንን ስለሚያውቁ የባሕሩን መኪና በኪሎ ሜትሩ፣ የደጋውን በቀለሙ ይሸጡታል።

«መቼ ልየው?» አለኝ።

«በቀትር።»

ጅቡቲ ውስጥ ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። ከቀትር በኋላ ከኢትዮጵያ ጫት የሚገባበት ሰዓት ነው፤ ከተማው ሥራውን ጥሎ ይጠብቃል፣ ከዚያም ይቀመጣል። ሻጮችም ሰው የሚጠሩት ሲመሽ፣ ሲቀዘቅዝ ነው። ሲመሽ ሁሉም ሞተር ጤነኛ ነው። እኔ ያልኩት ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ሄደህ የራዲያተሩን ክዳን ክፈት፣ ውሃው ቀለሙ ምን እንደሆነ እይ፤ ከዚያ በቀትር ተመልሰህ፣ ሰዎቹ ከፈቀዱ፣ ተሳቢውን አስረህ እስከ አርታ ዳገት ውጣ ነው። አርታ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት የጅቡቲዎች መናፈሻ ናት፤ ለሞተር ደግሞ ነጻ ምርመራ ጣቢያ ናት። ሙቀት መለኪያውን ከዓይንህ አትለየው፤ አናት ላይ ስትደርስ ሞተሩን ሳታጠፋ የዘይት ክዳኑን ፍታ፤ እንደ ባቡር የሚተነፍስ ከሆነ የፒስተኑ ቀለበት አልቋል። ጥቁር ጭስ ብዙ ጊዜ የአየር ወይም የኖዝል ነው፣ ይሠራል። ሰማያዊው ዘይት ነው። ነጭ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ያለው የራዲያተሩ ኩላንት ነው፤ እሱን ካየህ አመስግነህ ውጣ።

እኔ ራሴ በወጣትነቴ ከሚሌ ወደ ባቲ ስንወጣ የፈላ ሞተር ክዳን በጨርቅ ይዤ ከፍቼ ክንዴን አቃጥያለሁ። ጠባሳው ዛሬም አለ። መኪናው የማን እንደነበር መናገር አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ መርፌው ቀዩን ሲነካ አይቼ «እዚያች መታጠፊያ ድረስ» ያልኩት እኔ ነኝ።

ከመካኒኩ ጋር መነጋገርም ራሱን የቻለ ችግር አለው። የእኛ የጋራዥ ቋንቋ ጣሊያንኛ ነው፤ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ። የጅቡቲው መካኒክ በፈረንሳይኛ ነው የተማረው፤ ለእሱ ቴስታታ «ኩላስ» ነው፣ ተሳቢ «ረሞርክ» ነው። የእህቴ ልጅ ሁለቱንም ስለሚያውቅ ይተርፋል። ሌላው ሰው ግን «ጓርኒሲዮኑ ተቀይሯል ወይ» ብሎ ጠይቆ፣ በቃላት መመሳሰል የተነሣ ስለ ፍሬን የተመለሰለትን መልስ አምኖ ሊገዛ ይችላል።

ስለ ፍሬን ካነሣን፣ ሰው ስለ መጎተት ሲያስብ የሚያስበው መውጣትን ነው። ያ 6 ቶን በስድስት በመቶ ቁልቁለት ላይ 5 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ፍሬኑና ሞተሩ ተጋግዘው የሚውጡት ሙቀት አምስት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃን አፍልቶ፣ አትንኖ ይጨርሳል። ላንድክሩዘር 79 እስከ 3,500 ኪሎ ይጎትታል ተብሎ የተጻፈው ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሲኖረው ነው፤ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የተጻፈው 750 ኪሎ ብቻ ነው። በየጋራዡ የሚበየዱት ተሳቢዎች ስንቶቹ ፍሬን አላቸው? የእህቴ ልጅ ኮምፕረሰር በፋብሪካ የተሠራ ስለሆነ አለው፤ ግን ገመዱ በዝገት ተጣብቆ ነበር። ሞተር ከመምረጡ በፊት እሱን እንዲያስፈታ አደረግሁ። ትልቅ ሞተር እዚህም ይረዳል፤ 4.2 ሊትር በሁለተኛ ማርሽ ቁልቁለት ላይ ከ2.5 ሊትር በተሻለ ይይዛል፤ ፍሬንን ግን አይተካም።

አንድ የሚያነብ ወዳጄ «ለመሆኑ ይህ ሁሉ የናፍጣ ጭንቀት ለምን? ኤሌክትሪክ መጥቷል አይደል?» ይላል። ጥያቄው ከሚመስለው በላይ ብርቱ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም፤ ኮምቦልቻ ላይም ሆነ ጅቡቲ ላይ ጉልበቱ ያው ነው። ከቆመበት ሲነሣ ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። በመርሕ ደረጃ ለዚህ መንገድ ከእሱ የተሻለ ሞተር የለም። ማስረጃውም ከሄሮን ብዙም ሳይርቅ ናጋድ ጣቢያ ላይ ቆሟል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የንግድ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ በኤሌክትሪክ ነው የሚወጣው፤ ሽቦው ከላይ ስላለ ባትሪ አያስፈልገውም። መንግሥት ነዳጅ መኪናን ሲከለክል ያሰበው አቅጣጫ ስሕተት ነው ብዬ አላምንም። ነገር ግን ሽቦ የሌለው ፒካፕ 3 ቶን ሲጎትት ባትሪው ከተጻፈለት ርቀት ግማሹን ያህል እንኳ ባያደርስ አይገርምም፤ የጉድጓድ ቁፋሮ ያለው ደግሞ መብራት በሌለበት ነው፤ መብራትና ውሃ ቢኖርማ ጉድጓድ ማን ይቆፍር ነበር? ክልከላው ለአዲስ አበባ አውቶሞቢል የተጻፈ ሆኖ ሳለ ጫናው የሚያርፈው ኮምፕረሰር በሚጎትት ሰው ላይ ነው። ለእሱ መሸጋገሪያ አልተዘጋጀለትም፤ መሸጋገሪያው ያው እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ሞተር ሆኗል።

የእህቴ ልጅ በቀትር ሄደ። የራዲያተሩ ውሃ ቡና ይመስል ነበር፤ ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ለዓመታት ሲጨመርበት ኖሯል። ክንፎቹ በጣት ረገፉ። አርታ ዳገት ላይ መርፌው ሦስት አራተኛ ደረሰ፣ ቀዩን ግን አልነካም። የዘይት ክዳኑ ሲፈታ ሞተሩ በጸጥታ ነበር የሚተነፍሰው። ቴስታታው ደህና፣ ጭሱ ንጹሕ፣ ሻንሲው መንጠቆው አካባቢ ብቻ ዝጓል። ባለቤቶቹ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጠዋል፤ ከዋጋው ላይ የራዲያተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ የቴርሞስታትና የብየዳ ሒሳብ አስቀነሰና ያዘው። የጊዜ ቀበቶውንም በዚያው አስቀየረ፤ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ መቀየር የሚገባው ቀበቶ መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት አልነበረም።

ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚሌን አልፎ ወደ ባቲ ሲወጣ ደወለልኝ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎታል፤ የሞተሩ ድምፅ ይሰማል፣ ወፍራምና ያልቸኮለ።

«መርፌው የት ነው?»

«መሐል ላይ ነው ጋሼ። ሠላሳ ነው የምነዳው። ኋላዬ ያለው ሲኖትራክ በክላክስ ሊገድለኝ ነው።»

«ጥግህን ያዝና አሳልፈው።»

«አላልፍም እያለ ነው እኮ፤ እሱም ሽቅቡ ከብዶታል።»